አይስትም በሉኝ

በከሚሴ የዘይናን ጫት ቤት ያህል አሜሪካን የሚያውቅ ቤት የለም። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በጎማ ጠጋኙና በወፍጮ ቤቱ መሃል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሰሌን፣ በግድግዳው ዙሪያ ስድስት ፍራሽ። ዙህር ተሰግዶ ሲያበቃ ጫማ በሩ ላይ ይከመራል፣ እጅ ይዘረጋል፣ ዱአ ይደረጋል፣ «አሚን» ይባላል። ከዚያ ዙርባው፣ የጫቱ እስር፣ ይፈታና ዋሽንግተን ትታመሳለች።

«ምነው እናንተ ሰዎች፣ የራሳችሁ ጉዳይ አልቆ ነው የሰው አገር ፕሬዝዳንት የምታቦኩት?» የሚል የዋህ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። የቅርብ ነገር ይፋጃል። ተኩስ የሰማ ከተማ፣ መንገዱ አንድ ሰሞን ተከፍቶ አንድ ሰሞን የሚዘጋ ከተማ፣ አፉን በልክ ነው የሚከፍተው። ከሥልጣን የወረደ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ግን ቢያሞግሱት አይሸልም፣ ቢረግሙት አይከስም። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ የቤቱ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ያ የቀድሞው ፕሬዝዳንት ሽብርን አጠፋው ወይስ አራባው?

«አራባው» ባዩ መምህር ጀይላን ነው። ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ነው፤ ጥርሱ ስላለቀ ጫቱን በትንሽ ሙቀጫ እየወቀጠ ይቅማል፣ ነገር ሲጥመው ደግሞ ሙቀጫውን ያፈጥነዋል። «አንዱን ገድሎ አሥር አስነሳ!» ይላል፤ ዱክ ዱክ ዱክ። «እሳትን በገለባ ሊያጠፋ የተነሳ ሰው!» ዱክ ዱክ።

«አጠፋው» ባዩ አብዱልጀባር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ የተመላለሰ ሹፌር ነበር፣ ድምፁ እስከ ዛሬ ዳገት እንደያዘ መኪና ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ስለ ድሮን ምን ታውቅና ነው?» ይላል። «ካሜራው ከሰማይ ሆኖ የሰው ጢም ይቆጥራል። ወንበዴውን ከሰው መሃል ለይቶ ያነሳዋል፤ አጠገቡ የታሰረችውን ፍየል እንኳ አይነካም። አይስትም!»

«ይስታል!»

«ወላሂ አይስትም!»

«የሰው እጅ የሠራው ነገር ሁሉ ይስታል። አንተስ ስንት ጊዜ ነው መኪናህ ገደል አፋፍ ላይ የጣለህ?»

«እኔ ነኝ የሳትኩት እንጂ መኪናው መቼ ሳተ!»

ቤቱ በሳቅ ያውካካል። አንዱ «ጀባ!» ብሎ ለጋ ለጋውን ይወረውርለታል፣ በነገታው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ጀይላን ሰውየው ስንት ጦርነት ወርሶ ስንቱን እንዳወረሰ ይዘረዝራል፤ አብዱልጀባር ስንት የሽብር አለቃ እንደተለቀመ ይቆጥራል። ማንም ማንንም አሳምኖ አያውቅም። ቢያሳምን ኖሮማ ነገ ምን ሊወራ?

በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል ያልሳቀችው ዘይና ብቻ ነበረች።

ዘይና የጨፋ ልጅ ናት። ከጨፋ ሮቢት ወዲህ፣ ቦርከና ክረምት ክረምት ከሚያጥለቀልቀው ሜዳ ዳር፣ ከማሽላና ከከብት ጋር አደገች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለከሚሴ ሰው ተዳረች፤ ባሏ ወፍጮ ቤት የሚሠራ፣ ዱቄት እንደለበሰ የሚስቅ ደግ ሰው ነበር። አንድ ክረምት ወባ ወሰደው። ልጃቸው ጀሚል ገና ጡት አልጣለም ነበር። ወንድሟ ሙሀመድአሚን «ተነሽ ባቲ እንሂድ፣ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ» ቢላት «ልጄ የዘመድ ፊት እያየ አያድግም» አለችና ጫት በዘንቢል ይዛ መናኸሪያ ወጣች። ከአውቶቡስ መስኮት ሥር እየሮጠች «ለጋ ነው! ለጋ ነው!» ስትል ሹፌሮቹ አወቋት። አብዱልጀባር አንዱ ነበር። ከሩቅ ሲያያት ሞተሩን አጥፍቶ እስክትደርስ ይጠብቃታል፤ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ስትሮጥ ማየት አይሆንለትም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ይቺን ክፍል ተከራየች። ጀሚልንም አሥረኛ ክፍል አደረሰችው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እናቱ ፍራሽ ስታነጥፍ ሳትጠራው መጥቶ ባንድ በኩል የሚይዝላት ልጅ ነው። ባለፈው ሸዋል፣ ኢዱ ባለፈ በሳምንቱ፣ «እማ፣ ባቲ አጎቴ ጋ ሄጄ የግመል ንግድ ልማር» አላት። ደስ ብሏት ስንቅ ቋጠረች። በስድስተኛው ቀን ስልክ ደወለ፤ ከጅቡቲ ነው፣ ከባሕሩ ዳር። ደላላ ይዞታል፣ በየመን አድርጎ ሳውዲ ሊገባ ነው። ብትለምነው፣ ብታለቅስ፣ «ጡቴ ይፍረድህ» ብትለው መመለሻው አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁን ቀርጾ ላከላት።

«እማ፣ የመን ገብተናል። ደህና ነኝ። አንድ የከሚሴ ልጅ አብሮኝ አለ፣ እንደ ወንድም ነን፣ አታስቢ። ስልኩን ሊወስዱብን ነው። ዱአ አድርጊልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ዝም። ሦስት ወር።

ሰው ሲጠይቃት «ባቲ ነው፣ አጎቱ ጋ» ትላለች። የሄደ ልጅ ሳይደርስ ከተወራለት መንገዱ ይዘጋል ትላለች፣ የሰው ዓይንም አለ። ይባስ ብላ በገዛ ቤቷ፣ ጫቱ ሳይፈታ ሁሉም የልቡን ጉዳይ ለዱአ ሲያቀርብ፣ ያንዱ ሚስት ምጥ፣ ያንዱ ላም፣ ያንዱ የፍርድ ቤት ቀጠሮ «አሚን» ሲባልለት፣ የእሷ ልመና ሻሿ ሥር ይቀራል። «ዘይና፣ ላንቺስ ምን እንለምን?» ሲሏት «እኔ ምን አለብኝ፣ ለአገር ለምኑ» ትላለች። አይ ዘይና! አገሩ አንቺ እስክታስለምኚለት ቆሞ ሲጠብቅ!

እና ወንዶቹ የሩቁን ፕሬዝዳንት ሲያነሱና ሲጥሉ፣ «የመን ላይ እንዲህ አስመታ፣ እንዲያ አስመታ» ሲሉ፣ የውሃው ጆግ እጇ ላይ ይከብዳል። ለእነሱ ወሬ ነው። ለእሷ ልጇ የሚተኛበት ሰማይ ነው። ከክርክሩ ሁሉ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጀሚል ይተርፋል ወይስ አይተርፍም?

አንድ ቀን አልቻለችም። «መምህር፣ ይሄ የምትሉት የመን ከባሕሩ ምን ያህል ይርቃል?» አለች።

ጡረታ የወጣ አስተማሪ ጠያቂ ሲያገኝ እንደምታውቁት ነው። ጀይላን ሙቀጫውን አስቀመጠና ገራባውን፣ ቅጠሉ የተበላለትን እንጨት፣ ሰብስቦ ሰሌኑ ላይ ካርታ ሠራላት። «ይኸውልሽ፣ ይሄ ጅቡቲ። ይሄ ክፍት ቦታ ባሕሩ። ከዚህ ጀምሮ የመን። ይሄ ረጅሙ እንጨት የሳውዲ ወሰን። ያ ሰውዬ ያስመታው ደግሞ እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም» እያለ ለተመታው ቦታ ሁሉ የለውዝ ቅርፊት አስቀመጠ።

ዘይና ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም በመንገዱ ላይ መሰሏት።

«ተው!» ብሎ ጮኸ አብዱልጀባር። ተነስቶ መጣና ቅርፊቶቹን በመዳፉ ጠረጋቸው። «ምን ያደርግላታል ይሄ? እዚህ ሰው የለም፣ ባዶ በረሃ ነው። የተመታው የወንበዴ ዋሻ ነው። አይስትም ብያለሁ፣ አይስትም!»

«ሴት ጠየቀች ብሎ ይሄን ያህል ቁጣ!» አለ ጀይላን ተገርሞ።

ዘይና ያን ቀን አብዱልጀባርን ጠላችው። የአንድ ሰው ግፍ ተሸፍኖ ይቅር የሚል፣ ሞቱን ሁሉ «በረሃ ነው» ብሎ በመዳፉ የሚጠርግ ሰው! እንዲያ ሲጠብቃት የነበረ ሹፌር እርጅና ልቡን አደነደነው አለች በሆዷ። ሰዎቹ ሲሄዱ ክፍሉን ስትጠርግ ግን ካርታው ያለበትን ጥግ ዘለለችው። ጠዋት ጠዋትም በሩን ከመክፈቷ በፊት እዚያ ጥግ ቁጢጥ ትልና አንዲት ለጋ ቅጠል ከባሕሩ ወዲያ ታስቀምጣለች። ዛሬ እዚህ ቢሆን ነው። ዛሬ ትንሽ ወደ ወሰኑ ቀረብ ቢል ነው።

እሁድ ዕለት የጀይላን ሬዲዮ የመን ውስጥ አንድ ቦታ በአየር ተመታ አለ። ማን እንደመታ፣ ማን እንደተመታ ገና አልተጣራም።

«ይኸው!» አለ ጀይላን ሙቀጫውን እየወቀጠ። «በሩን የከፈተው ያ ሰውዬ ነው። እሱ ያስለመደውን ነው ተከታዩ ሁሉ የሚከተለው። አንድ ሽብር አጠፋለሁ ብሎ ሰማዩን ለሁሉ አከራየው!»

ዘይና በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ስደተኞች ነበሩበት?» አለች። ድምፅዋ ከልክ በላይ ጮኸ። «መምህር፣ ሬዲዮው ስደተኞች አለ?»

ሁሉም ዞሮ አያት። ጀይላን ሬዲዮውን ዘጋው። አብዱልጀባር ደግሞ ዙርባውን እንኳ ሳይጨርስ ጫማውን አጠለቀና ወጣ።

ሰኞ ቤቱ ዝም አለ።

ማለት ወሬ ነበረ፣ ግን ምን ዓይነት ወሬ? ስለ ዝናብ። ስለ ማሽላው ግሪሳ። እነዚያ ፔንታጎንን በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ስለ ሽንኩርት! ሬዲዮው ተዘግቷል። እሷ ስትገባ ደግሞ የሽንኩርቱም ወሬ ይቆማል፣ «ዘይና፣ አረፍ በይ እንጂ፣ እኛው እንቀዳለን» ይሏታል። አሥር ዓመት «ዘይና ውሃ! ዘይና ለውዝ!» ሲሉ የኖሩ ወንዶች ናቸው። የአብዱልጀባር ፍራሽ ባዶ ነው። ጀይላንም ሲወጣ ዓይኗን ሳያይ «ወንድምሽ ከባቲ ቢመጣ ደግ ነበር» አላት።

ዘይና መርዶ ሸተታት።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ባለቤቱ መጨረሻ ነው የሚሰማው። ከተማው አውቆ፣ ጎረቤት አውቆ፣ ዘመድ ከያለበት እስኪሰበሰብ እናቲቱ እንጀራዋን እየበላች ትስቃለች። ከዚያ አንድ ቀን ከንጋቱ ሶላት፣ ከሱብሂ በኋላ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ሽማግሌዎች ከቅርብ ዘመዷ ጋር በሩን ያንኳኳሉ። ዘይና ራሷ ስንት ጊዜ ከደባቂዎቹ ጋር ነበረች! የጎረቤቷ የሱዓድ ወንድም የሞተ ጊዜ፣ ሱዓድ ገና ሳትሰማ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በቀልድ አስቃታለች፤ ዘይናም እያወቀች አብራት ስቃለች። ደግነት ነው፤ እንዲያ ነው የሚባለው።

አሁን ተራው የእሷ ነው። ሁሉም ይመሰክራል። ወሬ ማቋረጣቸው፣ ማዘናቸው፣ «ወንድምሽ ቢመጣ» ማለታቸው። ሙሀመድአሚን እስኪመጣ ነው የሚጠብቁት። ጀሚል ሞቷል፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ ናት ያልተነገራት።

ጠይቂያቸው እንጂ ትሉ ይሆናል። ቀላል ነው መሰላችሁ? ካልተነገራት ልጇ እስከ ነገ ጠዋት ይኖራል። ጠይቃ በገዛ አፏ ልትገድለው ነው?

ማክሰኞ ከሱብሂ በፊት ተነሳች። ታጠበች፣ ሰገደች፣ ንጹሕ ቀሚሷን ለበሰች፣ ለለቅሶኛ ይሆን ዘንድ ግቢውን ጠረገች፣ ከጎረቤት ሰሌን ሳይቀር ለመነች። ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠችና እግር ኮቴ ስታዳምጥ ነጋ። ማንም አልመጣም። ያን ቀን ውሃ ብቻ ጠጣች። ረቡዕም እንዲሁ። ለብሳ ተቀመጠች፣ ነጋ፣ ማንም አልመጣም፤ ተነስታ ጫት ሸጠች። እንዴት ሸጠች? እኔ ምን አውቄ። እጇ ነው የሸጠው። በሩቅ ሰው ሲጣራ ትበረግጋለች፣ ልጅ ቢስቅ ታለቅሳለች፣ አንዴ ጫት ልትመዝን የያዘችውን ድንጋይ ጭኗ ላይ ረስታው ስትፈልገው ዋለች። ካርታው አጠገብ ግን አልቀረበችም። ቅጠሏን የት ታስቀምጣለች?

ሐሙስ ሱብሂ እንዳበቃ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች። ድምፅዋ አልወጣም። ሄዳ ከፈተች። ወንድሟ ሙሀመድአሚን ከባቲ መጥቶ ቆሟል፣ ኩፊያውን በእጁ ይዟል። ከኋላው መምህር ጀይላን። ከጀይላን ኋላ ሁለት የቤቷ ደንበኞች፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«ኢንና ሊላሂ» አለች ዘይና፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ንገሩኝ። ለብሻለሁ። ሦስት ቀኔ ነው ከለበስኩ። ንገሩኝና ልገላገል!»

«ምን እንንገርሽ?» አለ ሙሀመድአሚን ደንግጦ። «ዘይና! እህቴ! ምን ሆነሻል?»

«ልጄን! የልጄን ሞት!»

«ማን ሞተ አለሽ? ያ ረቢ! ከየት አመጣሽው?» ወንድሟ አጠገቧ ተንበርክኮ ትከሻዋን ያዘ። «እኔም እንዳንቺ ምንም አልሰማሁም። ሞተ ያለን ሰው የለም፣ በሕይወት አለ ያለንም የለም።»

«ታዲያ በዚህ ሰዓት ምን ያመጣችኋል?»

ጀይላን ነው የመለሰው፣ እየተንተባተበ። እሁድ ስለ ስደተኞቹ ስትጮህ ልቡ ጠረጠረ። ወንድሟ ጋ ደወለ፤ ወንድሟም ልጁ ባቲ ሆኖ እንደማያውቅ ነገረው። «ሦስት ወር ሙሉ ፊትሽ ስከራከር፣ ቅርፊት ስደረድር ነበር፣ ዘይና። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለሁሉም ነገርኳቸው፣ እዚህ ቤት የመን የሚል ቃል እንዳይወጣ ተማማልን። ወንድምሽንም ከጎንሽ ይሁን ብዬ ጠራሁት። ትናንት በመሸ ገባ፤ በጨለማ ብናንኳኳ ትደነግጣለች ብዬ እኔ ጋ አሳደርኩት።»

እንዳትደነግጥ! ዘይና አየቻቸው፣ አየቻቸው፣ ከዚያ ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ለቅሶውም ወደ ቁጣ። «አላህ ይይላችሁ! ስትከራከሩ ልጄ መንገድ ላይ ነበር። ዝም ስትሉ ገደላችሁብኝ! ሦስት ቀን ሙሉ እኮ ቀበርኩት!»

ሙሀመድአሚን ደግፎ አስነሳት።

እንባዋን ስታብስ አንድ ነገር ትዝ አላት። «አብዱልጀባርስ? እሱም ለእኔ ብሎ ነው የቀረው?»

«እሱን እኔ አላገኘሁትም» አለ ጀይላን። «መሐላውም ላይ አልነበረም። ከእሁድ ጀምሮ ቤቱን ዘግቷል። ታሟል ይባላል።»

ያ ያለቀለት ክፉ ሽማግሌ! ቢሆንም አሥራ አምስት ዓመት ደንበኛ ነው፣ የታመመ ይጠየቃል። ወይም እንዲያ ብላ ነው ራሷን ያታለለችው፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የሄደችው ልትጣላው ነው። ለሦስት ወር «አይስትም» ያለበትን አፍ አንድ ጊዜ እንኳ ልታስከፍለው።

የአብዱልጀባር ሚስት ፋይዛ በሩን ከፈተችላት፤ ዓይኗ አብጧል። «አካም ጅርታ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት በደከመ ድምፅ፣ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ውስጥ መራቻት። አብዱልጀባር መደቡ ላይ ተቀምጧል። አልታመመም። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጆሮውን ወደ ስልኩ ደፍቷል። መግባቷን አልሰማም።

ከስልኩ የወጣት ድምፅ ይወጣል፣ ነፋስ እየቆራረጠው።

«አባ፣ እንዳትቆጣ፣ አዳማ አይደለሁም። መንጃ ፈቃዱ ቀረ። ነገ ባሕሩን እንሻገራለን። ብቻዬን አይደለሁም፣ የዘይና ልጅ ጀሚል አብሮኝ ነው፣ እንደ ወንድም ነን። እናቱ ገና ባቲ ነው ብላ ነው የምታስበው፤ እንዳትነግራት አባ፣ ብቻዋን ናት፣ ትደነግጣለች።»

ድምፁ አበቃ። አብዱልጀባር በወፍራም አውራ ጣቱ እንደገና ሊያስጀምረው ሲል ቀና አለና አያት።

ዘይና አንድ በአንድ ገባት። ሙሀመድኑር። አዳማ መኪና መንዳት እየተማረ ነው የተባለው ልጁ። «አንድ የከሚሴ ልጅ አብሮኝ አለ።» የተጠረጉት ቅርፊቶች። «እዚህ ሰው የለም፣ ባዶ በረሃ ነው።»

«ታውቁ ነበር» አለች።

«አንቺ የማታውቂ መስሎኝ» አለ። ያ ዳገት የሚያስወጣ ድምፅ ጠፍቶ እንደ ልጅ ቀጥኗል። «እህቴ ዘይና፣ ፕሬዝዳንቱ ለእኔ ምኔ ነው? በምኑም አልወደውም። ግን ጀይላን ይስታል ባለ ቁጥር... ይስታል ካልን እኮ...» አልጨረሰውም። ስልኩን ከመዳፉ ወደ መዳፉ አገላበጠው። «እሁድ የሰማሁ ጊዜ እኔም ማመን አቃተኝ። ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። ለዚህ ነው ያልመጣሁት።»

ዘይና ልትጣላ መምጣቷን ረሳችው። አጠገቡ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ፋይዛን እጇን ያዘቻት። «ዛሬ ትመጣላችሁ» አለችው። «ከዙህር በኋላ። ሁላችሁም ትመጣላችሁ፣ ትከራከራላችሁ።»

ከዙህር በኋላ ጫማው በሩ ላይ ተከመረ። ሙሀመድአሚን ሳይቀር ፍራሽ ይዟል። እጅ ተዘረጋ። ጀይላን እንደ ልማዱ «ጉዳይ ያለው?» አለ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ።

«እኔ አለኝ» አለች ዘይና ከበሩ። «ልጄ ጀሚል የመን ነው። ሦስት ወሩ ነው። ለምኑልኝ።»

«አሚን» አሉ።

«የኔም ሙሀመድኑር» አለ አብዱልጀባር። «አብሮት ነው።»

አሚኑ ይሄን ጊዜ ዘግይቶ መጣ። ጀይላን ቀና ብሎ ጓደኛውን አየው፤ የሦስት ወር ክርክሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደገና የሚሰማ ይመስል ነበር። ዙርባው ተፈታ። ማንም አልጀመረም። ዝምታው እንደገና ሊመጣ ሆነ፣ ዘይናም ጆጉን አስቀመጠች።

«ተከራከሩ እንጂ!» አለች። «አብዱልጀባር፣ ካሜራውስ? ጢም ይቆጥራል አላላችሁም?»

አብዱልጀባር ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቆጥራል» አለ። «ከሰማይ ሆኖ ይቆጥራል። ልጅና ወንበዴ ይለያል። እጁ ባዶ የሆነውን... ባዶ እጁን የሚሄደውን ያውቀዋል። አጠገቡ ያለችውን ፍየል እንኳ...» ቆመ። እንደምንም ጨረሰው። «አይስትም።»

ቤቱ ሁሉ ወደ ጀይላን ዞረ። አሁን ነው ሙቀጫው የሚፈጥነው፣ አሁን ነው «ይስታል!» የሚለው፤ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳያሳልፍ ያለው ነው። ጀይላን ዘነዘናውን እንደያዘ ጥጉ ላይ ያለውን የገራባ ካርታ አየ፣ ከባሕሩ ወዲያ የደረቀችውን አንዲት ቅጠል አየ፣ ዘይናን አየ። ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን ያውቃል። ዘነዘናውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«አይስትም» አለ።

«አሚን» አለች ዘይና።